አንድ ሰዓት ተኩል

ጥር 9

ለወንድሜ ልጅ፣

ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ዓመት ነው። ውሃዬን እኔው እቀዳለሁ፣ ልብሴን እኔው አጥባለሁ፣ መርፌ ውስጥ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ፣ ጠዋት ከቤቴ ተነስቼ ማማው ተራራ ድረስ ወጥቼ ለምሳ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ጉራ ልነዛ አይደለም፤ በኋላ ለምጠይቅሽ ነገር እንዲያግዘኝ ነው። ከዚያ በፊት ሰላምታው ይቅደም። ጤናሽ እንደምን ነው? እናትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ቆሟል፤ ጣሪያው ብቻ እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ጎድሏል። ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ፣ ከወጣሽበት የሚያወርድሽ አይግጠምሽ።

እስከዛሬ የጻፍኩልሽ አንዴ ነው፤ አባትሽ ያረፈ ጊዜ። ሁለት መስመር ነበር፣ ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለኝ። የአሁኑ ይረዝማልና ሥራ ሳይኖርሽ አንብቢው። ፊደሌ የፍየል መንገድ ነው፤ ይጠማዘዛል እንጂ ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 14 ቀን እዚህ ትልቅ ሩጫ አለ። ከአደባባዩ ተነስቶ ሦስቱንም ተራራ አናት አናታቸውን ረግጦ መመለስ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ በአሥራ አምስት ሰዓት ውስጥ። መጀመሪያ ማማው፣ የሬዲዮ ምሰሶ የቆመበት፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሁት። ቀጥሎ መላጣው፣ ሣር የማያበቅለው። መጨረሻ ብረቱ፤ አናቱ ላይ ቀያሾች የተከሉት ብረት አለ፣ ስሙም ከዚያ ነው። ከሩቅ አገር ሁሉ ሯጭ ይመጣል፣ ጫማቸው እንደ ከረሜላ ቀለሙ የበዛ። እኔም ተመዝግቤያለሁ።

ልምምድ ከጀመርኩ አምስተኛ ወር ይዣለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን እወጣለሁ። ዳገት በረጅም እርምጃ አይሮጥም፤ በአጭር በአጭሩ ነው፣ ጸጥ ብሎ። ስድስት እርምጃ አየር መሳብ፣ ስድስት እርምጃ መልቀቅ። ስድስቱ ወደ አራት ከወረደ ሩጫውን ትቶ በእጅ ጉልበትን እየገፉ መራመድ። ይህን ያስተማረኝ አሠልጣኝ የለም፤ ድሮ ለማማው ሞተር በጀርባዬ የተሸከምኩት ሃያ ሊትር ናፍጣ ነው። በወጣሁ ቁጥር በቤቴ በር ጀርባ ላይ በከሰል አንድ መስመር አሰምራለሁ። ዛሬ ሃምሳ ሦስት ሞላ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ይስቅብኛል። «በኛ ዕድሜ ሰው ወደ ላይ የሚሄደው አንዴ ነው፣ እሱንም ሌሎች ተሸክመውት» ይላል። ይበል። እሱ ስልሳ ዓመት ቁጭ ብሎ ፔዳል ሲረግጥ አንድ ክንድ ፈቀቅ አላለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከስልሳ አምስት በላይ የሆነ ሰው የሥጋ ዘመድ ይፈርምለት ይላል ሕጋቸው። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አልሰጠንም። ለሩጫው መዝጋቢ ጸሐፊ ዘመድ ሩቅ ነው ያለኝ ብላት፣ «አባባ፣ እንግዲያው ተመልካች ሆነው ይምጡ፣ ወንበር አለን» አለችኝ። ወንበር! እኔን! ቅጹን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

ቅጹ ይኸው ከዚህ ጋር አለ። መስቀለኛ ምልክት ያደረግሁበት ላይ ፈርመሽ መልሺልኝ። ገንዘብ አልፈልግም። ፊርማ ብቻ።

አጎትሽ


የካቲት 2

ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? እርስዎንም ቤትዎንም ደህና ያቆይልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናቴ ደህና ናት፤ ጽሑፍዎን አሳየኋትና «ይሄማ የአባትሽ እጅ ነው» አለች። እኔን ፊደል ያስተማረኝ አባቴ ስለሆነ ስህተት ካገኙብኝ ዕዳው የእሱ ነው።

ጋሼ፣ ሥራዬን ነግሮዎት የሚያውቅ ሰው መኖሩን አላውቅም። ሊፍት እጠግናለሁ። በየሕንፃው እየዞርኩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ገመዱን በእጄ እዳስሳለሁ፣ ፍሬኑን እፈትሻለሁ፣ ከዚያ ሊፍቱ ውስጥ የተለጠፈው ካርድ ላይ እፈርማለሁ። ከእኔ ፊርማ በኋላ ሰው ልጁን አቅፎ ይገባበታል። በአሥራ አራት ዓመት ያልነካሁት ገመድ ላይ ፈርሜ አላውቅም። አንድ ቀን አለቃዬ «አስቸኳይ ነው፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» ሲለኝ ብዕሩን ለእሱ ሰጠሁት። እሱም አልፈረመም።

ስለዚህ ቅር እንዳይልዎት፤ ቅጹን አልፈረምኩም። ማቀዝቀዣዬ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ልብዎ ታይቷል? የደም ግፊትዎስ? ሲወጡ አብሮዎት የሚወጣ ሰው አለ? ቢወድቁ በስንት ሰዓት ይገኛሉ?

ሌላም አለ። አባቴ ስለ ተራራ አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም። ግራ እግሩን እየጎተተ ነው የኖረው። ልጅ ሆኜ ምን ሆነህ ነው ስለው «ብረቱ በላው» ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማሽን የያዘው ይመስለኝ ነበር። ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ብረቱ ተራራ መሆኑን ያወቅሁት ከእርስዎ ደብዳቤ ነው። እዚያ ምን ሆነ?

የሐኪም ወረቀትና የዚያን ቀን ነገር ይላኩልኝ፤ ፊርማውን ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያው የተራራ ጫማ ልግዛልዎት። ሁለቱንም እግርዎን ወረቀት ላይ አቁመው ዙሪያውን በእርሳስ ስለው ይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 27

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፊርማ ለመንኩሽ እንጂ ምርመራ አልለመንኩሽም። እኔ የሊፍት ገመድ አይደለሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን የገዛ አጎቱን የሚጠረጥርስ ምን ይባላል? አባትሽም እንዲህ ነበር። አንድ ነገር ከያዘ ጥርሱ ይነቀላል እንጂ አይለቅም።

ሐኪም ቤት ምን ላድርግ? ዘጠና ቀን ብሄድ ዘጠና በሽታ ይሰጡኛል። ልቤን የማውቀው እኔ ነኝ። ማማው ጫፍ ላይ ቆሜ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ፤ እስክረጋጋ የሚፈጅብኝ አሥር ምራቅ መዋጥ ነው። ባለፈው ወር አሥራ አራት ነበር። ይህን ለሐኪምሽ ንገሪው።

መላጣውን ሰባት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። እሱ ጠጠር ነው፤ ሁለት ስትረግጪ አንድ ያንሸራትትሻል። ወደ ላይ በሳንባ ነው፣ ወደ ታች በጭንቅላት። ወጣቶቹ ወደ ላይ ይበልጡኛል፤ ወደ ታች ግን ተረከዛቸውን እየተከሉ ጉልበታቸውን ይፈጃሉ፣ እኔ በጣቴ እየነካሁ አልፋቸዋለሁ። አንዱ ከኋላዬ «ኸረ ሽማግሌው ፍሬን የለውም!» ሲል ሰማሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ፤ ከታች ሲደርስ ሁለት ክርኑ ተልጦ ነበር።

ብረቱን አልወጣሁትም። ለሰኔ አቆይቼዋለሁ።

የእግሬ ስዕል ይኸው። የግራው ነው፤ ቀኙም ያው ነው፣ ወረቀት ላባክን አልፈለግሁም። ጽሑፌ ተንጋዶብሽ እንደሆን እጄ ትንሽ ተጭሮ ነው።

ቅጹ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይድረስ ብላለች ጸሐፊዋ። ብዙ አያስቸግርሽም፤ አንድ ጭረት ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 18

ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ጫማው በፖስታ ተልኳል፤ ወፍራም ካልሲ ጨምሬበታለሁ።

ሊፍት ሊበላሽ ሲል መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፁ ነው። የሚጠቀምበት ሰው አይሰማውም፤ እኔ ይሰማኛል። የእርስዎም ደብዳቤ ድምፅ ተለውጧል። የጥር ፊደልዎ ይጠማዘዝ ነበር እንጂ አይንቀጠቀጥም። ሁለት እግር ጠይቄ አንድ ላኩልኝ። የጠየቅሁትን ሁለት ነገር በጫጫታ ሸፈኑት። ጋሼ፣ ቀኝ እግርዎ ምን ሆነ? ስንት ቀን ሆነው?

አልቆጣም። እኔም ሰሞኑን ሊፍቱን ትቼ ደረጃ በእግሬ መውጣት ጀምሬያለሁ፣ አሥራ አራት ፎቅ፣ በእርስዎ አቆጣጠር፤ ስድስት ስቦ ስድስት መልቀቅ። አምስተኛው ፎቅ ላይ አራት ሆነብኝ፣ አሥረኛው ላይ መቁጠሩንም ተውኩት። የሥራ ባልደረቦቼ «የሊፍት ሠራተኛ በደረጃ ስትሄድ ያየ ማን ይሳፈርልናል!» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። ብረቱ ላይ ምን ሆነ?

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 16

ጋሼ፣

ካለፈው ደብዳቤዬ ወር ሊሞላ ነው፣ ከእርስዎ አንድ ቃል የለም። ፖስታ ቤት ጠየቅሁ፤ ጫማውን የፈረመለት ሌላ ሰው ነው፤ «ጎረቤት» ይላል። ለምን እርስዎ አልፈረሙም?

እናቴ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በሁለት ቃል ይመልሱልኝ። አለሁ ይበሉኝ ብቻ።


ሚያዝያ 29

ለወንድሜ ልጅ፣

አለሁ።

በሁለት ቃል ብለሽ ነበር፣ አንዱ በቃኝ ልል ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ከፊቴ ተቀምጦ ጻፍ እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። አንብብልኝ ብሏል፣ አላነብለትም።

የካቲት 19 ቀን ከመላጣው ስወርድ ወደቅሁ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፣ እጄ ተላጠ። የቀኙን እግሬን ያልሳልኩልሽ ወረቀት ማባከን ፈርቼ አይደለም፤ ወረቀቱ ስለማይበቃው ነው። እያነከስኩ ሁለት ሳምንት ደበቅሁት። ከዚያ በመጋቢት አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳ ስል እግሬ የሌላ ሰው ሆነ፤ አልታዘዘኝም። ልብስ ሰፊው ሰብሮ ገባ፤ በሩን ማለቴ ነው፣ የከሰል መስመሮቼን አብሮ። አንድ ወር ሾርባ አመላለሰልኝ፣ በየማንኪያው አንድ ስድብ እየጨመረ። ጫማሽን የተቀበለው እሱ ነው። ልክ ነው፣ የግራው።

አሁን እራመዳለሁ። ሰኔ ገና ነው።

የብረቱን ነገር ጠይቀሻል። ተኝቼ ጣሪያ ስቆጥር ከጣሪያው ይልቅ እሱ ነበር የሚታየኝ፤ ስለዚህ ይውጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አውቃለሁ።

የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ነው። አባትሽና እኔ ሁለታችንም ለማማው ናፍጣ ተሸካሚ ነበርን። አለቃው አንድ የጥበቃ ቦታ አለኝ አለ፤ የወር ደሞዝ ያለው፣ ቤት ያለው። ሁለት ወንድማማች፣ አንድ ቦታ። አለቃው ቀልደኛ ነበር። «ብረቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ፤ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ሦስቱንም ረግጦ ጨርቁን ያመጣልኝ ይቀጠራል» አለን። እኛም እየሳቅን ተነሳን። ማን ቢቀጠር ምን ልዩነት አለው፣ የአንድ እናት ልጆች ነን ተባባልን።

ሁለቱን ተራራ እኩል ወጣን እኩል ወረድን። እንዲያውም አባትሽ ይቀድመኝ ነበር። ከብረቱ በታች፣ የመጨረሻው ዳገት ሳይጀምር፣ ወንበር የመሰለ ድንጋይ አለ። እዚያ ጋ ግራ ጉልበቱ ተጠምዝዞ ከዳው። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ላብ በላብ ሆኖ፣ «ሂድ፣ ሰው ይዘህ ና» አለኝ። ሂድ ያለኝ ወደ ታች ነው። ታች መተላለፊያው ላይ ጭነት የሚያራግፉ ሰዎች ከነበቅሏቸው ነበሩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚሄዱ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ወደ ላይ ሄድኩ።

ጨርቁን ፈትቼ ብረቱን ነክቼ ድንጋዩ ጋ ስመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ሄዷል። አባትሽ ጨርቁን እጄ ላይ አየው። ወደ ታች በረርኩ፤ ሰዎቹም በቅሎዎቹም የሉም። ጉሙ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ነው በሰው ተሸክመን ያወረድነው። እግሩ ከዚያ በኋላ ያው የምታውቂው ነው።

ፀሐይ ብትጠልቅም ጨርቁን አምጥቷል ተባለና ቦታውን እኔ አገኘሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የበላሁት ደሞዝ እሱ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እዚህ አጠገቤ እየኖረ፣ አላናገረኝም። ከዚያ እናትሽን ይዞ አገር ጥሎ ሊሄድ ነው ሲባል ሰማሁ። ያን ጊዜ ስሜን ከመጻፍ በቀር አልችልም ነበርና ልብስ ሰፊውን አስጻፍኩት፤ «የምትሄድ ቀን አውቶብስ ተራ መጥቼ ልሸኝህ» በል አልኩት። መልሱ በካርድ መጣ፤ አንድ ቃል፣ ሦስት ፊደል። ለማንም አላስነበብኩም፣ ሦስት ፊደል አያቅተኝም ብዬ። ይ፣ ቅ፣ ር። ይቅር።

ይቅር አለኝ። አትምጣ አለኝ። ለብሼው የነበረውን ኮት አውልቄ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። አልሄድኩም። ካርዱ አሁንም አለኝ።

እንግዲህ ይኸው። ሦስቱን ተራራ በአንድ ቀን ያልጨረሰው እሱ ነው፣ በእኔ ምክንያት። እኔም በሕጉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አልጨረስኩም፣ በእሱ ምክንያት። ስለ እሱ አንድ ጊዜ ልጨርሰው ነው የምፈልገው። አሁን ሁሉን አውቀሻል። ብትፈርሚ ፈርሚ፤ ባትፈርሚ ይቅር።

አጎትሽ


ግንቦት 14

ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እግርዎን ይማርልኝ።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ቅጹን ከማቀዝቀዣው ላይ ገንጥዬ ልቀደው ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተናድጄ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል! የአሥራ አራቱን ፎቅ ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሳልቆጥር፣ ንዴቴን እየረገጥኩ። ያ እግር እኮ ሲጎተት የሚሰማው ድምፅ ነው የልጅነቴ የቤት ደወል፤ አባቴ መጣ የምለው በእሱ ነበር።

ከዚያ ለእናቴ አነበብኩላት። «ይቅር» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ተነስታ የአባቴን የመሣሪያ ሣጥን አወረደች። ከሥሩ፣ ከመፍቻዎቹ በታች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አለ። እርስዎ በልብስ ሰፊው እጅ ያስጻፉት ነው። አባቴ ይዞት ሄዶ፣ ይዞት ኖሯል።

ጋሼ፣ መጨረሻውን እንዳለ ልገልብጥልዎት፤

«የምትሄድ ቀን አውቶብስ ተራ መጥቼ ልሸኝህ። ደግሞም ያን ቀን ጥዬህ ወደ ላይ ስለሄድኩ ይቅር በለኝ። ወንድምህ።»

ከሥሩ በእርሳስ አባቴ መልሱን ሲለማመድ አራት ጊዜ ጽፏል። ይቅር። ይቅር። ይቅር። ይቅር። አራተኛው ነው ያማረለት።

ይቅር በለኝ ብለውታል፤ ይቅር ብሎዎታል። እናቴ ትላለች፣ እሷና አባቴ አውቶብስ ተራ ሁለት አውቶብስ አሳልፈው ቆመዋል። እሷ እንሂድ ስትለው፣ «ቆይ፣ ይመጣል። ይቅር ብዬዋለሁ እኮ» ይላት ነበር። በዚያ እግሩ ቆሞ። ሦስተኛው ሲመጣ ሻንጣውን አነሳ፤ ከዚያ በኋላ ስምዎን አላነሳም። ይቅር ብሎት ያልመጣ ሰው ላይ ምን ይላል?

ሁለታችሁም ትምህርት ያቆማችሁት አንድ ክፍል ላይ ነው መሰለኝ። አንዱ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፣ ሌላው አንዱን ትርጉም ብቻ አነበበ።

አሁን የእኔ ነገር። ይቅር ያለው አባቴ ነው፤ ያ ነገር አልቋል። የእኔ ፊርማ ግን ሌላ ነው። ሰኔ 12 እመጣለሁ፤ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። ገመዱን በእጄ እነካለሁ፣ ፍሬኑን እፈትሻለሁ፣ ከዚያ ወይ እፈርማለሁ ወይ እቀደዋለሁ። ጸሐፊዋን ሁለት ሳምንት ያስታግሱልኝ። እስክመጣ አንድም ዳገት እንዳይወጡ። ለምኜዎታለሁ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች። መላጣው ላይ ያደናቀፈዎት ምንድን ነው? ፍሬን የሌለው ሽማግሌ በጣቱ እየነካ የሚወርደውን መንገድ እንዴት ወደቀበት?

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 29

ለወንድሜ ልጅ፣

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከነጤናሽ ያድርስሽ። ለእናትሽ ጉልበት ስሜላቸዋለሁ በይልኝ፤ በጥር «እናትሽስ?» ብዬ ያለፍኩትን ሰላምታ መልሺና በዚህ ቀይሪልኝ።

ደብዳቤሽን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። ሱሪ ሲያሳጥር አገኘሁት።

«አንተ፣ እኔ ያላልኩትን ጽፈሃል?» አልኩት።

«መቼ?»

«የዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት።»

«ቆይ፣ የትኛው ልብስ ነው?» አለኝ፤ የምሩን ነው።

የገለበጥሽውን መስመር አነበብኩለት፣ እኔው፣ በገዛ አፌ። የስፌት መኪናውን አቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መለሰ። «እጀታ ሲያጥር ጨርቅ እቀጥላለሁ» አለኝ። «ደብዳቤህ አጠረ። ቀጠልኩበት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ታስፈታኝ ነበር።»

ልመታው እጄን አነሳሁ። እጄ ሄዶ ትከሻው ላይ ቀረ። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ግማሽ ሱሪ መሃላችን፣ አንዳችንም ቀና አላልን። ከዚያ፣ «ካርዱንስ ለምን አላሳየኸኝም? ሦስት ፊደል ማንበብ ያቅተኛል ብለህ ነው?» አለኝ።

ልብ በይ፤ እሱ ባይቀጥልበት ኖሮ አባትሽ ይቅር የሚለው ነገር አልነበረም። እኔ አልጠየቅሁማ። ይቅርታን የጠየቀልኝ ልብስ ሰፊ ነው፣ ኩራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄሽን ልመልስ፣ ሳትመጪ። መላጣው ላይ ያደናቀፈኝ የለም። ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ አፌ ውስጥ ጠጠር ነበር፣ ፀሐይዋም ቦታዋን ለውጣለች። በሚያዝያ ልብስ ሰፊው እየጎተተ ሐኪም ጋ ወስዶኛል። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ፣ አንዳንዴ አንድ ምት ይዘላል አለኝ። እኔም፣ ዳገት የለመደ ልብ ነው፣ ቢዘል ምን ይደንቃል አልኩት፤ አልሳቀም። ክኒን ሰጠኝ። መድኃኒቱን እውጣለሁ። ወረቀቱ ይኸው ከዚህ ጋር አለ፣ ፈትሺው።

ደግሞ ዕድሜዬ ሰባ ሦስት አይደለም። ሰባ ስድስት ነው። ከሰባ አምስት በላይ ስለማይመዘግቡ ነው የቀነስኩት። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባልኝም ልብስ ሰፊው ነው።

ትናንት ጸሐፊዋ ጋ ሄድኩ። «ልጄ፣ ስሜን ሰርዢው፤ ከዕድሜዬ ሦስት ዓመት ቀንሼ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ሳቋን ይዛ፣ «አባባ፣ መዝገቡን ሲሞሉ የትውልድ ዘመንዎን ሁለት ጊዜ ሰርዘው ሲጽፉ አይቼዎት ነበር» አለችኝ። «ወንበሩ አሁንም አለ።» የራሴ ወንበር አለኝ አልኳት። አልገባትም። አንቺ ይገባሻል።

ሩጫው ይቅር። ይቅርታው ግን አይቅር። እስክትመጪ ዳገት አልወጣም ብያለሁ፣ አልወጣምም፤ ይህን የምልሽ በዕድሜዬ ሙሉ ትእዛዝ ስቀበል የመጀመሪያዬ መሆኑን እንድታውቂልኝ ነው። ስትመጪ ግን ብረቱን እንወጣለን፣ አናቱን አይደለም፣ ድንጋዩ ድረስ። በሩጫ አይደለም፣ በሁለት ቀን፤ መተላለፊያው ላይ አድረን። አራት ስቦ አራት መልቀቅ፣ ከከበደም ሦስት። አንቺ ከኋላዬ ሁኚ፣ ድምፄ ከተለወጠ አቁሚኝ። እዚያ ላይ ሆኜ ብረቱ ይታየኛል። አልነካውም።

ቅጹን እንዳትቀጂው፤ ይዘሽው ነይ፣ ጀርባው ባዶ ነው።

አንቺም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሐኪሙም ልትሸከሙልኝ ስለተነሳችሁ ከወዲሁ ልንገርሽ፤ ዕዳዬን የምከፍለው እኔው ነኝ። ለልብስ ሰፊው የሾርባ ድስቱን ከነክዳኑ፣ ታጥቦ፤ ክዳኑን ወርውሬበት ነበርና ጎኑን አቃንቼ። ለባለቤቴ መቃብሯ ላይ አንድ ቃል፤ ሠላሳ ዓመት ለወንድምህ ጻፍለት ስትለኝ ነገ እላት ነበር፣ ጻፍኩ እላታለሁ። ለአንቺ ቀኝ እግሬን፤ እብጠቱ ወርዷል፣ አሁን የቅጹ ጀርባ ይበቃዋል፣ እኔ ቆሜ አንቺ ትስይዋለሽ። ለወንድሜ አንድ ሰዓት ተኩል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን ወደ ታች አዙሬ፣ ደቂቃ ሳላጎድል። ሰዓቱን አንቺ ያዢልኝ። አብረሽኝ ግን እንዳትቀመጪ፤ እሱም ብቻውን ነበር።

አጎትሽ